ቲቸር፣ አሁንም ኮዲንግ ልማር?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ኤአይ ኮዱን ሁሉ እየጻፈው ነው። አሁንም ኮዲንግ ልማር ወይስ ሌላ ነገር ልሞክር?»

ሦስት ቀን ሙሉ ሳልመልስለት ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነው። ያን ሳምንት እኛም ቢሮ ውስጥ አራት ሆነን «እንቀጥል ወይስ እንዝጋ?» እያልን ነበር። ሌሎቻችሁም ይኸንኑ ስለጠየቃችሁኝ መልሱን እዚሁ ልጻፈው።

ለማታውቁት፣ ቢሯችን ሾላ ገበያ አጠገብ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍል። ለትናንሽ ሱቆች የዕቃና የዱቤ መመዝገቢያ ሶፍትዌር እንሠራለን። ከአራታችን አንዷ እኔው ያስተማርኳት ልጅ ናት። «እንዝጋ» ማለት ለእሷ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደሞዝ የለም ማለት ነው።

እዚህ የደረስነው ፋሽን ስንከተል ነው። ሁሉም ዴሊቨሪ ሲል እኛም ዴሊቨሪ ጀመርን። ግንቦት 2013 ቴሌብር መጣ፣ አገሩ በሙሉ ፊንቴክ ሆነ፤ እኛም ፕሮፖዛላችን ላይ «ፊንቴክ» ብለን ጻፍን። ከዚያ ኤአይ ሲመጣ ባለሱቁን በአማርኛ የሚያናግር ረዳት ጨመርን። ውድድር ላይ ስናሳየው ተጨበጨበልን፣ ፎቶም ተነሣን። ሾላ ስንወርድ ግን የሚያናግረው ሰው ጠፋ።

ወጪው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እነዚህ ሞዴሎች ጽሑፍን ቆራርጠው ነው የሚያነቡት፤ የሚያስከፍሉትም በቁራጭ ነው። የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ቁራጭ ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን ሲሠሩት ብዙም ስላልታሰበበት አንዱ ቃል ብዙ ቦታ ይከተፋል። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ስትጠይቀው የበለጠ ትከፍላለህ። በገዛ ቋንቋችን ስላወራን ተጨማሪ ሒሳብ! ይህን ያወቅነው ደግሞ ክፍያው ከመጣ በኋላ ነው።

ክፍያው በዶላር ነው፣ ደንበኞቻችን የሚከፍሉን በብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር ባንክ ቤት 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። ለነገሩ ለእኛ ዓይነቱ 57 ብር ሆኖም አያውቅም። ባንክ ሄደን «ዶላር ስጡን» ብንል ማን ይሰጠናል? ውጭ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው በካርዱ የሚከፍልልኝ። እዚህ በስንት እንደምመልስለት እናንተም ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ወር ሾላ ቅመም የሚሸጡ አንዲት ደንበኛችን ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ያን የሚያናግረውን ነገር ለምን አይጠቀሙበትም?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ሳወራ እየዋልኩ ደግሞ ከስልክ ጋር ላውራ? እኔ የምፈልገው ዱቤ የወሰደብኝ ሰው ደሞዝ ሲደርስ ሜሴጅ እንዲገባለት ነው። እኔ ስጠይቀው ይቀየመኛል። ስልኩ ሲጠይቀው አይቀየምም።»

ሜሴጁን እኮ ሠርተነዋል! ያቺው ተማሪዬ ሥራ በጀመረች ሰሞን የጻፈችው ነው። ውድድር ላይ ግን አንድም ቀን አሳይተነው አናውቅም፤ ያሳፍረን ነበር። ቢሮ ተመልሼ መዝገቡን ሳይ አብዛኛው ደንበኛ የሚከፍለን ለእሱ ብሎ ነው።

ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድን ስትጀምር በአጭር መልእክት ነበር፤ አፑ በኋላ ነው የመጣው። ስማርት ስልክ የሌለውም ሰው 8294 ደውሎ ታክሲ ይጠራል። ሰኔ 2012 ኢንተርኔት ጠፍቶ ስንት ሳምንት እንደቆየ የምታስታውሱ፣ እዚህ አገር አፕ ብቻ ይዞ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። እኔ ይህን ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ። አስተምሬው ራሴ ረሳሁት።

ቢሮ ውስጥ ጭቅጭቅ ስለበዛ ባለፈው እሑድ አራታችንም ከፈረንሳይ ተነሥተን በእግር ወደ እንጦጦ አቀናን። ባሕር ዛፉ መሐል አረፍ ብለን ስለ ፋሽን ስናማርር ተማሪዬ ሳቀችብን። «ይሄ ዛፍም እኮ ያኔ አዲስ ነገር ነበር» አለች። ልክ ናት። በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ ከተማው ሊነሣ ሲል ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው ያቆየው። ያስገቡት አዲስ ስለሆነ ሳይሆን የሚነድ እንጨት ስለጠፋ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ዛፉን ተክለን ነው ማገዶ የቸገረውን ሰው ፍለጋ የወጣነው።

እዚያው ተስማማን። የሚያናግረውን ረዳት አወጣነው፣ ሰርቨሩን ቀነስን፣ ዱቤና ሜሴጅ ብቻ ይዘን ስድስት ወር እንሞክራለን። የእኔ ደሞዝ በግማሽ ቀንሷል። የእሷ አልተነካም። ከስድስት ወር በኋላስ? እንጃ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ፣ ወንድሜ። አልዋሽህም። ኮድ ስንጽፍ እኛም ኤአይ እንጠቀማለን፤ ጀማሪ ሦስት ቀን የሚፈጅበትን በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ድሮ ቢሆን ሁለት ጀማሪ እቀጥር ነበር፣ አሁን አልቀጥርም። ስለዚህ «ተማር፣ ሥራ ታገኛለህ» ብዬ ቃል ልገባልህ አልችልም። በአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሰርተፊኬት ከያዝክ ጎበዝ፤ ግን ብዙ ሰው ይዞታል።

ተማር ነው የምልህ፣ ማሽኑ የጻፈውን አንብበህ የቱ ጋ እንደተሳሳተ እንድታውቅ። ከዚያ ደግሞ ከቤትህ ውጣና አንድ ባለሱቅ አጠገብ አንድ ሳምንት ተቀመጥ። ዱቤ የጠየቁት ሰው እንደሚቀየም ኤአዩ አልነገረኝም። እኔም ሳልጠይቅ ዓመታት አልፈዋል።

ከፈለግህ ማክሰኞ ከሰዓት ሾላ ና፣ እትዬን አስተዋውቅሃለሁ። ሌሎቻችሁም ኑ፤ ቡናው በእኔ ነው፣ በግማሽ ደሞዝም ቢሆን።