ጦረኛው ካህን

«ካህን እሆናለሁ፤ ነገር ግን ከኋላ ቆሜ ቁስል አላስርም» አልኋቸው ጓደኞቼን።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው፣ ጠረጴዛ ከብበን ተራ በተራ የምናወጋው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። በመጀመሪያው ደንብ ካህን ስለት እንዳይዝ ተከልክሎ ነበር። እኛ የምንጫወትበት የ2014ቱ ደንብ ግን የጦርነት አምላክ ለሚያገለግል ካህን ሰይፍና ከባድ ጥሩር ይፈቅዳል። እኔም ለጉልበቱ 16 ሰጥቼ ለሰውነቱ ጽናት 10 ብቻ አስቀረሁ።

አምስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ዘበኛ መናፍስትን የሚጠራውን አስማት አገኘሁ። በ15 ጫማ ዙሪያ ያለውን ጠላት ይፈጃል፤ የሚቆየው ግን የጠሪው አሳብ እስካልተበተነ ድረስ ነው። ጠሪው በተመታ ቁጥር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ ከጽናቱ ጋር ተደምሮ ቢያንስ 10 መምጣት አለበት።

ድልድይ ላይ ስንዋጋ ተመታሁ፤ 6 መጣ፤ መናፍስቱ ጠፉ። ወዲያው ከጎኔ የነበረው ጓደኛዬ ወደቀ። ተራዬ ሲደርስ እጄን ጭኜ ላነሣው ስችል ሰይፌን ሰነዘርሁ፤ ሳትሁም። ጓደኛዬ ሞተ። ሙት ለማስነሣት ባለ 300 ወርቅ አልማዝ ያስፈልጋል፤ እኔ ግን ገንዘቤን ሁሉ ለጥሩር አውጥቼ ነበር። ጓደኛዬ ወራት የደከመበትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ዝም አለ።

አሁን ሌላ ካህን ሠርቻለሁ። ጉልበቱ 16፣ ጽናቱ 14 ነው፤ አልማዝም ይዟል። ወንድሞችና እኅቶች፣ ካህን ከፊት መቆሙ መልካም ነው፤ ለወደቀው ሰው ከሁሉ የሚቀርበው እርሱ ነውና።