ባሕር ምን ዓይነት አገር ነው?

ውድ አንባቢ፣ በማጀቴ ከማስተምራቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የአንዱ እናት በገበያ ቀን ወደ ትምህርት ቤት መጥተው ለብቻዬ ሊያነጋግሩኝ ፈለጉ። ልጃቸው «ምህንድስና እማራለሁ፤ ከዚያም ባሕር ዳር ገብቼ በመርከብ መኮንንነት እሠለጥንና በዓለም ባሕር ላይ እሠራለሁ» ብሏቸው ኖሯል። ነጠላቸውን አስተካክለው «መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ባሕር ምን ዓይነት አገር ነው? ሰውስ እንዴት ይውልበታል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የውቅያኖሶችን ስም በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ባሕርን ግን በዓይኔ አላየሁም። የማውቀው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በጣና ሐይቅ ላይ የዋልሁትን አንድ ቀን ብቻ ነው። ለእኒያ እናት የነገርኋቸውን ለእርስዎም ላጫውትዎ።

ጊዜው የጥር ወር ነበር። መርከባችን ከባሕር ዳር የተነሣችው ጧት በ1 ሰዓት ሲሆን፣ አሳቧ ምዕራባዊውን ዳርቻ ይዛ ወደ ጎርጎራ ለመድረስ ነው። መንገዱ በአንድ ቀን ስለማያልቅ ቁንዝላ ላይ ይታደራል። በአሁኑ ጊዜ በዓለም ላይ ለመዝናኛ ብቻ የሚንሳፈፉ መርከቦች እንዳሉ ያውቃሉ። በ2016 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው «አይኮን ኦቭ ዘ ሲዝ» የተባለው መርከብ ርዝመቱ 365 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከ7 ሺህ በላይ መንገደኞች ሊይዝ ይችላል፤ ዋናተኛ የሚዋኝበት ገንዳ እንኳ በውስጡ አለው። የእኛ መርከብ ግን ቆርቆሮ፣ የዱቄት ጆንያ፣ የለስላሳ ሣጥንና እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ጭናለች። መንገዱን የለመዱት ሰዎች ቀድመው ጥላ ያለበትን ወገን ያዙ፤ እኔ ሞኙ ፀሐይ ላይ ቀረሁ።

በመጀመሪያው ሰዓት ሁሉም ተሳፋሪ ውኃውን ይመለከታል። ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ባጠገባችን ያልፋሉ፤ ዓሣ አጥማጆቹም መርከቧ ያስነሣችው ሞገድ እስኪያልፍ ድረስ መቅዘፋቸውን ያቆማሉ። የዘጌ ልሳነ ምድር ከቡና ጫካው ጋራ ይታያል። በሁለተኛው ሰዓት ግን ውኃውን የሚያይ ሰው ይጠፋል። አንዱ ይተኛል፣ ሌላው ስንቁን ይፈታል፣ ሦስተኛው የጎረቤቱን የዘር ሐረግ ይጠይቃል። በአውቶቡስ ሲሄዱ ሻይ ለመጠጣት የሚወርዱበት ከተማ አለ፤ በውኃ ላይ ግን መውረጃ የለም። የመርከብ ላይ ቀን ረጅም መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ደቅ ደሴት ደርሰን ጭነት ካራገፍን በኋላ ወደ ምዕራብ ዞርን። የብዙ ነገሥታት አጽም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ከኋላችን ቀረ። በስተ ሰሜን ብመለከት ዳርቻው ጠፍቷል፤ ውኃና ሰማይ ተጋጥመዋል። የጣና ስፋት ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የይፋት ሰው በየትም ቢቆም በስተ ምዕራብ ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታየዋል፤ በስተ ምሥራቅም ወደ አፋር የሚወርደው ቆላ አለ። እኔም ያደግሁት በዚያ ተራራ አቅጣጫ እየለየሁ ስለሆነ፣ ያን ባጣሁ ጊዜ ልቤ ፈራ።

ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣና መርከቧ ትወዛወዝ ጀመር። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ሴት አያቴ ሲያወሩ «መሬቱ እንደ ወንፊት ነፋን» ይሉ ነበር። ያ ንግግር ትዝ ቢለኝ የመቀመጫዬን ብረት ጨብጬ ያዝሁ። ከጎኔ ያለ ወጣት ግን በጆንያ ላይ ተጋድሞ እንቅልፉን ይተኛል።

ሲነቃ ተዋወቅን። ባሕር ዳር ሠልጥኖ በውጭ አገር የጭነት መርከብ ላይ የሞተር መኮንን ሆኖ የሚሠራ ሰው ኖሯል፤ ለዕረፍት ወደ ደልጊ ወደ ቤተ ሰቦቹ መሄዱ ነው። «በባሕር ላይ አንድ ቀን እንዴት ያልፋል?» አልሁት።

«አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት፣ እንደገና አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት፤ ቀኑ ይኸው ነው» አለኝ። ሞተሩ ያለበት ክፍል መስኮት የለውም፤ ቀትርና እኩለ ሌሊት አይለይም። ሙቀቱ እንደ አፋር ሐሩር ነው፤ ከጩኸቱ የተነሣ ጆሮ ሳይሸፍኑ አይገቡም። መርከቡ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ በየጥቂት ቀኑ ሰዓት አንድ አንድ እየተቀነሰ ወደ ኋላ ይመለሳል።

«ማዕበሉ ይከብዳል?» ብዬ ብጠይቀው «ማዕበሉ ይለመዳል» ካለ በኋላ ጥቂት ዝም አለ። «የማይለመደው ለቅሶ አለመድረስ ነው። አባቴ ሲሞት ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነበርሁ። በስልክ ሰማሁ፤ ሰዓቴ ሲደርስ ወደ ሞተሩ ወረድሁ። የተቀበረው ያለ እኔ ነው።»

ቁንዝላ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ወጣቱ ጆንያዬን አግዞኝ አወረደና ተሰነባበትን።

ለእኒያ እናት ይህን ሁሉ ሳልሸሽግ ነገርኋቸው። ደግሞም ባሕር ለይፋት ፍጹም ባዕድ እንዳልነበረ አስረዳኋቸው። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት የባሕር በሩ ዘይላ ነበር፤ ነጋዴዎች በግመል እየተጓዙ ከቆላው እስከዚያ ይወርዱ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት ዘይላን የጎበኘው ኢብን ባጡታ ከተማዪቱ በዓሣና በታረደ ግመል ሽታ ብታስመርረው፣ ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ በመርከቡ ውስጥ ማደርን መርጧል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ሆኖም ልጆቿ በባዕድ መርከብ እየተቀጠሩ ባሕሩን ይሻገራሉ።

እናቲቱ «ለቅሶ የማያስደርስ አገር!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለውም ያላሰብሁትን ጠየቁኝ። «ይህ የእኛ ወንዝ ውኃውስ እዚያ ይደርሳል?»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። የይፋት ቆላ ወንዞች ወደ አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ቀርቶ ይተናል። እኔ የዋልሁበት የጣና ውኃ ግን ዐባይ ሆኖ ይወጣል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ፣ ሱዳንንና ግብፅንም አልፎ ሜዲትራንያን ባሕር ይገባል። ስለዚህ ባሕርን አላየሁም፤ ወደ ባሕር በሚሄድ ውኃ ላይ ግን አንድ ቀን ውያለሁ።

«እንግዲያው ልጄ ከወንዛችን አልፎ ሊሄድ ነው» አሉና ዘንቢላቸውን አነሡ። ይሂድም፣ ይቅርም አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። በማግሥቱ ጧት ልጁ ከሁሉ ቀድሞ ክፍል ገብቶ የሒሳብ ደብተሩን ዘርግቶ አገኘሁት። «እማዬ፣ የለቅሶውን ነገር አስብበት አለችኝ» አለኝ። እርስዎም፣ ውድ አንባቢ፣ ልጅዎ ወይም ወንድምዎ ባሕር ልሂድ ቢልዎ፣ ስለ ደመወዙ ከመንገርዎ በፊት ይህን ይንገሩት።