83ኛ ሆኖ የጨረሰው ኢትዮጵያዊ



የዛሬው የምንባብ ክፍላችን ዕብራውያን 12፥1-3 ነው።

እኛ በዲማ የምንኖር ሰዎች ሙቀትን እንጂ ብርድን አናውቅም። ኢሳይያስ 1፥18ን ስንሰብክ እንኳ አመዳይ ምን እንደሆነ ለልጆቻችን ለማስረዳት እንቸገራለን። ቢሆንም ዛሬ በበረዶ ላይ ስለተወዳደረ አንድ የአገራችን ሰው ልንነግራችሁ ወደድን።

ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። በአዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያ ስኪ ተማረ። ስኪ ረጃጅምና ቀጫጭን ሰሌዳዎችን ከጫማ ጋር አያይዞ፣ ሁለት በትር ይዞ በበረዶ ላይ መንሸራተት ነው። የእርሱ ከተራራ ቁልቁል የሚወረደው ሳይሆን አገር አቋራጩ ነበር። ኢትዮጵያን ወክሎ ለመወዳደር ሲነሣ የስኪ ፌዴሬሽን እንኳ አልነበረንም፤ መጀመሪያ እርሱ መቋቋም ነበረበት። በረዶ በሌለበት በአዲስ አበባ ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ተለማመደ።

በየካቲት 1998 ዓ.ም. በኢጣሊያ ቱሪን በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ፣ ብቸኛው ተወዳዳሪዋ ሮቤል ነበር። በ15 ኪሎ ሜትር ውድድር 83ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በካናዳ ቫንኩቨር በ35 ዓመቱ ዳግመኛ ተሰለፈ፤ 93ኛ ሆነ።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ቁጥር ፈገግ እንላለን። በዚያው በኢጣሊያ ምድር አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ማራቶን አሸንፏልና፣ ኦሎምፒክ ሲባል የሚታየን ወርቅ ብቻ ነው። በተለይ እኛ የዲማ ሰዎች ወርቅን በግራም መመዘን ለምደናል። ችግሩ አገልግሎትንም በዚያው ሚዛን ላይ ማውጣታችን ነው። ስንት ሰው ዳነ? ስንት ተጠመቀ? አዳራሹ ስንት ይይዛል?

ባለፈው ክረምት ከአንድ ሩቅ ቀበሌ የመጣ ወንጌላዊ ወንድማችን ስድስት ዓመት አገልግሎ አሥራ አንድ አማኞች ብቻ እንዳሉት ነገረን። ሪፖርት ሲያቀርብ እንደሚያፍርም አልሸሸገንም። ሥራውን ቢተወው ይሻል እንደሆነ ጠየቀን።

አብረን ምንባባችንን ከፈትን። የዕብራውያን ጸሐፊ ስለ ሩጫ ሲናገር ያነሣው ትዕግሥትን ነው፤ ፍጥነትን አላነሣም። የምንሮጠውም በፊታችን የተቀመጠልንን እንጂ የሌላውን አይደለም። ሮቤል በተወዳደረበት የ15 ኪሎ ሜትር ውድድር ተወዳዳሪዎቹ በአንድነት አይነሡም፤ በሠላሳ ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት ይሮጣል። ጎረቤቱን እያየ የሚሮጥ ሰው መንገዱን ይስታል።

ይህን ስንል ስንፍናን እየመረቅን አይደለም። ኦሎምፒክ ማንም ደስ ስላለው የሚገባበት ስፍራ አይደለም፤ በዓለም አቀፍ ውድድሮች የሚፈለገውን ነጥብ ማሟላት ይጠይቃል። 83ኛውም ሰው ለዓመታት ደክሟል። ያልጸለየና ያልተዘጋጀ አገልጋይ፣ ፍሬ ሲያጣ ታማኝነቱን ሊጠቅስ አይችልም። ነገር ግን የደከመና ያልተቆጠረለት አለ፤ ጌታችንም በጥቂት የታመነውን ባሪያ የመረቀው በብዛቱ አይደለም።

ወንድማችን ወደ ቀበሌው ተመልሷል። ዛሬም አሥራ አንድ ናቸው፤ አንዲት እናት ወደ ሌላ አገር ሄዳ፣ አንድ ወጣት ተጨምሯል።

ወገኖች፣ በዚህ ሳምንት በሩቅ ስፍራ ለሚያገለግል አንድ ሰው ደውሉ። ስንት ሆናችሁ ብላችሁ አትጠይቁት። እንዴት ነህ በሉት፣ ጸልዩለትም።

ጌታ ይባርካችሁ።