እንዶዱ ለነጠላ፣ ተልባው ለራስ

እህቶቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የሻምፖ ዋጋ ስትሰሙ ራሳችሁን አሳክኳችሁ አያውቅም? እኔን ያሳክከኛል። ለዚህ ነው ጓዳና ጓሮ የማይጠፋውን መሞከር የጀመርኩት።

መጀመሪያ እንዶድን ያዝኩ፤ የእናቶቻችን ሳሙና ነዋ! አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚሁ እንዶድ ሰበብ ነው። እንዲህ ያለው ነገር አናቴ ላይ ሳይወጣ ይፈተን ብዬ፣ ማበጠሪያዬ ላይ የቀረውን ጸጉር ሰብስቤ፣ ቅቤ ቀብቼ አጠብኩበት። ቅቤውን ሙልጭ አደረገው! ጸጉሩ ግን ገለባ ሆኖ ቁጭ። ዓይን ከገባ ደግሞ ያቃጥላል። እንዶድ ለነጠላ ይቅር አልኩ።

ቀጥሎ ተልባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ በሁለት ኩባያ ውሃ አፍልቼ፣ መዝለግለግ ሲጀምር በትኩሱ በስስ ጨርቅ አጠለልኩት። ክንዴን በውስጥ በኩል ቀብቼ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ አላሳከከኝም፣ አልቀላም። ከዚያ ታጥቤ፣ ጸጉሬን መሃል ለመሃል ከፍዬ ቀኙን ብቻ ተልባ ቀባሁት። ማበጠሪያው ፈረደ፤ ግራው ሲነጫጭ ቀኙ እንደ ሐር ተፈታ። ግን እንዳትሳሳቱ፣ ተልባ ያለሰልሳል እንጂ እድፍ አያወጣም። የሚያድናችሁ የኮንዲሽነሩን ብር ነው። ፍሪጅ ከሌላችሁ ለአንድ ቀን የሚበቃችሁን ብቻ ሥሩ፤ ቶሎ ይበላሻል።

ወሬው ሲሰማ አንዲት የሠፈራችን ልጅ ገንዘብ ይዛ መጣች። ሠርጓ ሦስት ወር ቀርቶታል፤ የግንባሯ ዳር ጸጉር ግን ሸሽቷል። «የሚያበቅል ቀምሚልኝ» አለች። ሹሩባዋን አየሁት፤ ቅንድቧን ወደ ላይ እስኪስብ ተወጥሯል። ብሯን መለስኩላት። ዘወትር የሚጎተት ጸጉር በጊዜ ከላላ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ይጠፋል። ያኔ ተልባም ሆነ ውድ ጠርሙስ አይመልሰውም።

«ሠሪዋ አክስቴ ናት፣ ትቀየመኛለች» አለችኝ።

«ትቀየም፤ ግንባሩ ያንቺ ነው» አልኳት።

እናንተም ሹሩባ ተሠርታችሁ ሌሊቱን የሚያማችሁ ከሆነ «ሲለምደኝ ይተወኛል» አትበሉ። በማግስቱ አስላሉት፤ ከሳሳ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ይየው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው ነገሩ!