የጓሮው ቤትና የጎረቤት አፈር

በአሜሪካ የምንኖር ብዙዎቻችን እናት ወይም አባታችንን ከአገር ቤት ስናመጣ፣ ከቪዛው ቀጥሎ የሚያስጨንቀን ማረፊያቸው ነው። ልጆች አድገው ክፍሎቹን ሞልተዋል፤ መኝታ ቤቶቹ ፎቅ ላይ ናቸው፤ የወላጆቻችን ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይችልም። እኛ የምንኖረው በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ በስተምሥራቅ ባለ ኮረብታማ ሰፈር ነው። እናቴ ከመጣች በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተኛች። ሌሊት ስትጸልይ እንኳ ልጆቹን እንዳትቀሰቅስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ አገሬ ብመለስ ይሻላል፤ እኔም እናንተም እንተነፍሳለን» አለችኝ። እኔና ባለቤቴ በጓሮአችን ትንሽ ቤት ልንሠራላት የቆረጥነው ያን ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ «ሰርቪስ» የምንለውን የሚመስል፣ ግን የራሱ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ያለው የጓሮ ቤት በካሊፎርኒያ «ኤ.ዲ.ዩ.» ይባላል። የቤት እጥረት ስለ በዛ የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ከ2016 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕጉን ደጋግመው አቅልለውታል። ከ2020 ወዲህ፣ መኖሪያ ቤት ባለበት ግቢ ውስጥ ለሚሠራ እንዲህ ላለ ቤት ከተማው የተሟላ ማመልከቻ ከደረሰው በ60 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ተደንግጎአል።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ወገኖች የሚፈሩት «ሲኳ» የተባለውን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሕግ ነው። ይህን ሕግ በ1970 የፈረሙት በዚያን ጊዜ የካሊፎርኒያ አገረ ገዢ የነበሩት ሮናልድ ሬገን ናቸው። በ1972 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሕጉ መንግሥት ራሱ የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ፈቃድ የሚያስፈልገውን የግል ግንባታም እንደሚመለከት ወሰነ። ሆኖም ፈቃድ ሁሉ አንድ አይደለም። ባለሥልጣኑ አመዛዝኖ በራሱ ግምት የሚሰጠው ፈቃድ ግምገማ ሊያስከትል ይችላል። በጽሑፍ ከተቀመጠው መስፈርት ጋር አመሳክሮ ብቻ የሚሰጠው ግን ከግምገማው ነፃ ነው። የጓሮ ቤት ፈቃድ በዚህ በሁለተኛው ወገን ይመደባል።

ችግሩ ቤቱ የሚቆምበት አፈር ነው። ጓሮአችን ቁልቁል ነው። የመጀመሪያው ፕላን ላይኛውን ወገን ቆርጦ፣ አፈሩን ወደ ታችኛው ሞልቶ፣ መሬቱን ሜዳ የሚያደርግ ነበር። የግምገማው ደንብ ለአነስተኛ የመሬት ድልዳሎ ነፃነት ይሰጣል፤ ነገር ግን መሬቱ ከ10 በመቶ ያነሰ ተዳፋት ሲሆን ነው። ይህም በ10 ሜትር ርቀት ከአንድ ሜትር ያነሰ ቁልቁለት ማለት ነው። የእኛ የዚህን እጥፍ ሊያክል ምንም አልቀረውም። በብዙ ቦታ ደግሞ ከ50 ኪዩቢክ ያርድ፣ ማለትም ከ38 ሜትር ኩብ በላይ አፈር ማንቀሳቀስ የተለየ የድልዳሎ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አምስት ገልባጭ መኪና ያህል አፈር ነው። ያ ፈቃድ በባለሥልጣን ግምት በሚሰጥበት ከተማ፣ በፊት ለፊት የወጣው ግምገማ በጓሮ በር ሊመለስ ይችላል።

ይህ ጥንቃቄ እንዲያው የመጣ አይደለም። በጃንዋሪ 1982 በዚሁ አካባቢ የጣለው ከባድ ዝናብ ከ18,000 በላይ ናዳዎችን አስከትሎ፣ በናዳው ብቻ 25 ሰዎች ሞተዋል። እናቴም ናዳን ማንም እንዲያስረዳት አላስፈለጋትም። በጁላይ 2024 በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ወገኖቻችን አፈር ሥር የቀሩበትን አደጋ ከዚሁ ከሶፋው ላይ ሆና በቴሌቪዥን እያየች አልቅሳለች።

ከታች ያሉት ጎረቤታችን

ፕላኑ ከተማው ዘንድ ሳለ፣ ከእኛ በታች የሚኖሩ ባልቴት ለከተማው የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጆቻችን ይህን ሲሰሙ፣ «የውጭ ሰው ስለ ሆናችሁ ነው፤ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው፤ ግፉበት» አሉን። እናቴ ግን፣ «ውሃ ቁልቁል ሲወርድ የማንን አጥር ይጠይቃል? ይልቅ ቡና አፍሉና ጥሯቸው» አለች።

መጡ። ቡናውን ሁለት ጊዜ ደገሙ። ከዚያም ይዘውን ወርደው የጋራዣቸውን ግድግዳ አሳዩን፤ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ በአንድ የቆየ ክረምት የገባው ጎርፍ ምልክቱን እስከ ጉልበት ድረስ ትቷል። እኒህ ሴት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ውሃው በየት በኩል ይሄዳል?»

የአፈር መሐንዲስ ቀጠርን። ጓሮአችንን በጥልቀት ቦርቡሮ ሲመረምረው፣ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላማ ሆኖ አገኘው። በእርሱ ምክር ሙሌቱ ቀረ። ቤቱ ቁልቁለቱን ተከትሎ በጥልቅ የኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ እንዲቆም፣ የጣሪያው ውሃም በቱቦ ተሰብስቦ ወደ መንገዱ ፍሳሽ እንዲገባ ተደረገ። የሚነሣው አፈር ከ50 ኪዩቢክ ያርድ በታች ስለ ወረደ የተለየ ፈቃድ አላስፈለገም። መሠረቱ ግን ወጪውን አናረው፤ ቤቱም ከ74 ካሬ ሜትር ወደ 50 ጠበበ። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «ለአንዲት አሮጊት ምን ያንሰኛል?» ብላ ሳቀች።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ከላይ እንዳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዞአል። ጣሪያው የባለቤቱ ነው፤ የሚወድቀው ግን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የእኛም ጓሮ የእኛ ነበር፤ አፈሩ ቢናድ የሚያርፈው ግን በእኒያ ባልቴት ጋራዥ ላይ ነበር። ሕግ ከግምገማ ነፃ ቢያደርገንም የጎረቤታችንን ጥያቄ ከመመለስ ነፃ አያደርገንም።

እናቴ ገብታ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ ጎረቤታችን ስልክ ደውለው «ጋራዤ ደረቅ ነው» አሉ። ከከተማው ካገኘነው ወረቀት ሁሉ ይህ ቃል ይበልጥብኛል።

ውድ አንባቢ፣ አንተም አንቺም ለወላጆቻችሁ እንዲህ ያለ ቤት ልትሠሩ አስባችሁ ከሆነ፣ ፕላን ከመነሣቱ በፊት የግቢውን ተዳፋት አስለኩ። የድልዳሎ ፈቃድ ያስፈልግ እንደ ሆነ፣ የሚሰጠውም በመስፈርት ይሁን በባለሥልጣን ግምት፣ ከከተማው በጽሑፍ ጠይቁ። የአፈር መሐንዲሱን ቀድማችሁ ጥሩት። የአፈሩን ሥራ በበጋ ጨርሱ፤ በካሊፎርኒያ ዝናቡ የሚበረታው ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከእናንተ በታች የሚኖረውን ሰው በር አንኳኩ። እናትን ለማክበር የተሠራ ቤት የሌላውን እናት ቤት ማስጋት የለበትም።