በማን ስም ነው የተከፈተው?

ድሬዳዋ ውስጥ የትናንሽ ቢሮዎችን ኮምፒውተር በማየት ነው የምተዳደረው። ደንበኞቼ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ተበትነዋል፦ የትራንዚት ቢሮዎች፣ በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስገቡ ነጋዴዎች፣ ፔንሲዮኖች፣ የግል ትምህርት ቤቶች። አብዛኞቹ ቢሮዎች ከአሥር ሰው አይበልጡም፤ ጸሐፊዋ ሒሳብም ትይዛለች፣ ባለቤቱ ሥራውን በስልክ ይጨርሳል። ድሮ የሚጠሩኝ ፎርማት እንዳደርግ፣ ቫይረስ እንዳጸዳ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር እንድጭን ነበር። ዛሬ አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልቀው በክፍያ የሚታደሱ የክላውድ አገልግሎቶችን በማስተዳደር ነው፦ የድርጅት ኢሜይል፣ ወርድና ኤክሴል፣ ፋይል የሚቀመጥበት ቦታ። የምናዘዘው እነዚህን አካውንቶች በማን ስም እከፍት እንደነበርና ለምን እንደዚያ ይመቸኝ እንደነበር ነው።

በፊት ኦፊስ ገዛሁ የሚል ሰው አላውቅም። ሶፍትዌር በፍላሽ ይመጣል፣ ክራክ ይደረጋል፣ ኮምፒውተሩ እስኪሞት ይሠራል። ባለቤቱ ማነው፣ መቼ ይታደሳል፣ ማን ይከፍላል የሚል ጥያቄ አይነሳም። ጉግል ዛሬ ወርክስፔስ የሚለውን፣ ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፊስ 365ን ሲያመጡ ነገሩ እንደ ቤት ኪራይ ሆነ፤ ተከራይ አለ፣ ውል አለ፣ የሚከፈልበት ቀን አለ፣ ካልከፈሉ መውጣት አለ።

ለትራንዚት ቢሮ አገልግሎቱ ትልቅ እፎይታ ነበር። አንድ ኮንቴይነር ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ ኢንቮይሱ፣ ዲክላራሲዮኑ በብዙ እጅ ይዞራል። ቀደም ሲል ይህ ሁሉ በቴሌግራም ነበር የሚላከው፤ ስልክ ሲጠፋ ወይም ሠራተኛ ሲለቅ ሰነዱም አብሮ ይሄዳል። ሙቀቱና አቧራው ሃርድ ዲስክ አያስተርፍም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያቃጥለውን ያቃጥላል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበትን ጎርፍ የሚያስታውስ የድሬ ነጋዴ፣ የሰነድ ቅጂ ከከተማው ውጪ ቢቀመጥ ይሻላል ሲባል ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ሳፋሪኮምም በነሐሴ 2014 ሙከራውን የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ነበር። ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሁለተኛ መስመር ሲገኝ፣ «ኢንተርኔቱ ቢቆምስ?» እያሉ ያመነቱ የነበሩትም ደፈሩ።

አካውንት ሲከፈት ሲስተሙ የመጀመሪያውን ሰው አድሚን ያደርገዋል። አድሚን ማለት ሌላውን የሚጨምር፣ የሚያስወጣ፣ ፓስወርድ የሚቀይር፣ ክፍያውን የሚያይ ሰው ነው። ለማረጋገጫ ስልክ ቁጥርና ሌላ ኢሜይል ይጠየቃል። ባለቤቱ ኢሜይል የለውም፤ ቢኖረውም ፓስወርዱን የሚያውቀው ስልኩን የሸጠለት ልጅ ነው። ኮዱ የሚላከው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከሆነ ደግሞ አለቀ፤ ድሬ ውስጥ ያ ሰዓት ሱቁም ቢሮውም ተዘግቶ ሰው ከሙቀቱ የሚሸሸግበት፣ በርጫ የሚሞቅበት ሰዓት ነው። ስልክ አይነሳም። ስለዚህ የራሴን ቁጥር አስገባለሁ፣ የራሴን ጂሜይል አስገባለሁ፣ ሥራው ወዲያው ያልቃል።

«ጨረስክ?» ይለኛል ባለቤቱ ከእንቅልፉ ሲነሳ።

«ጨረስኩ።»

«አቦ ተባረክ!»

ክፍያውም እንዲሁ ነበር። በብር ሒሳብ የሚሰጠው የአገር ውስጥ የባንክ ካርድ ውጭ አገር አይሠራም ነበር። ለወር 6 ዶላር ምንዛሪ ልጠይቅ ብሎ ባንክ የሚሄድ ሰው ደግሞ ማሽን ለማስገባት ወራት ከሚጠብቀው ነጋዴ ኋላ ሊሰለፍ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ያለ ወንድም ወይም አሜሪካ ያለች ልጅ ካርድ ይገባል። ካርዱ በልጅቷ ስም ነው፣ አድራሻው ቨርጂኒያ ነው፣ ደረሰኙ የሚመጣው ወደ እኔ ጂሜይል ነው። ካርዱ እንዳያስቸግር ብዬ አንዳንዴ የድርጅቱን አገርም አሜሪካ ብዬ እሞላለሁ፤ ማይክሮሶፍት ላይ ደግሞ አንዴ የተመረጠ አገር በኋላ አይቀየርም። ግብር ሲደርስ ሒሳብ ሠራተኛው ያን ወጪ በድርጅቱ ስም የሚያሳይበት ወረቀት አይኖረውም።

ይህን ሁሉ የማደርገው ለደንበኛው ምቾት እንደሆነ ለራሴ እነግረው ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። የአድሚኑ ስልክ የእኔ እስከሆነ ድረስ ያ ቢሮ ሌላ ባለሙያ ሊጠራ አይችልም። አዲስ ሰው ሲቀጠር ይደወልልኛል፣ ሲለቅ ይደወልልኛል፣ ፓስወርድ ሲረሳ ይደወልልኛል፤ ሁሉም ይከፈልበታል። የማንንም ሰነድ ከፍቼ አላነበብኩም፣ ከማንም ብር አልወሰድኩም። ግን «አካውንቱ የማነው?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፣ እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም። በሰርጉም በለቅሶውም «የእኛ ልጅ» እየተባልኩ ስጠራ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ፍቅር፣ ምን ያህሉ ሌላ አማራጭ ማጣት እንደሆነ ለማጣራት አልቸኮልኩም።

ነገሩ የገባኝ በሌላ ሰው ሥራ ነው። አንድ የትራንዚት ቢሮ ኢሜይሉ ቆሞበት ጠራኝ። አካውንቱን የከፈተላቸው ወጣት ሥራ አግኝቶ ወደ ውጭ ሄዷል። ካርዱ የባለቤቱ የወንድም ልጅ ነበር፤ ጊዜው አልፎ በሌላ ሲተካ አዲሱን ያስገባ የለም። ማስጠንቀቂያ በተደጋጋሚ ተልኳል፤ የተላከው ግን ወደዚያ ወጣት ጂሜይል ነው። ማይክሮሶፍት ክፍያ ሲቋረጥ ሰነዱን ወዲያው አያጠፋም፦ ለ30 ቀናት ሁሉም እንደወትሮው ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 90 ቀናት ፋይሉን ማውጣት የሚችለው አድሚኑ ብቻ ነው፣ እሱም ሲያልፍ ይጠፋል። እኛ የደረስነው በ90ዎቹ ቀናት ውስጥ ነበር፤ ገብቶ ማውጣት የሚችለው ብቸኛ ሰው ግን አገር ውስጥ የለም። ኮዱ የሚላክበት የድሮ ሲሙ ተዘግቷል። ጸሐፊዋ የደንበኞቿን ሰነድ ከየስልኩ፣ ከየቴሌግራሙ ትለቅማለች። ልጁን ዘመድ ከዘመድ እያጠያየቅን አገኘነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ደንግጦ የሚያውቀውን ሁሉ ሰጠን። ፋይሉ ተረፈ።

ነገሩ ካለቀ በኋላ የቢሮው ባለቤት ሐጂ ሻይ አስመጡልኝ።

«አንተስ? ስንት ቢሮ ነው በስልክህ የያዝከው?» አሉኝ።

«ብዙ ነው፣ ሐጂ።»

«አቦ፣ ነገ ባጃጅ ቢገጭህስ?»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ሆኖም ያ ልጅ በዚያ ቢሮ ያደረገው እኔ በየቢሮው የማደርገውን ነበር። ልዩነታችን እሱ ሄዷል፣ እኔ አልሄድኩም፤ ሌላ ልዩነት ብፈልግ አጣሁ።

ያን ዕለት ተለወጥኩ ብል ግን ሐሰት ነው። ስልክ ቁጥሬን ከየቢሮው ማንሳት እንጀራዬን ማንሳት መስሎ ታየኝ። የገፋኝ የዶላር ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ፤ በ2017 አጋማሽ ላይ ደግሞ ከ120 በላይ ሆነ። በሰው 6 ዶላር ይከፈልበት የነበረ ፓኬጅ ለአሥር ሰው በወር 60 ዶላር ነበር። በ57 ሲባዛ 3,420 ብር የነበረው በ120 ሲባዛ 7,200 ብር ይሆናል። ያውም በባንክ ዋጋ፤ ጅቡቲ ያለው ወንድም የከፈለው በየትኛው ምንዛሪ እንደሚመለስለት ሁሉም ያውቃል። ለዓመታት ስለ ሶፍትዌር ትንፍሽ ብለው የማያውቁ ባለቤቶች መጠየቅ ጀመሩ።

ከሁሉም አጥብቀው የጠየቁኝ በአንድ አስመጪ ቤት ሒሳብ የሚይዙ ሴትዮ ናቸው። ኮምፒውተር ላይ ከፒችትሪ ሌላ አይነኩም። «የምንከፍልላቸውን ሰዎች ስም በተራ ጻፍልኝ» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። ቀይ እስክሪብቶ አንስተው ከላይ ወደ ታች ወረዱበት።

«ይሄ ከለቀቀ ስንት ጊዜው! ይቺ አግብታ ሐረር ገብታለች። ይሄ ‹ኢንፎ› የሚባለው ደግሞ ማነው? እኔ ደመወዝ የማዘጋጅለት ኢንፎ የሚባል ሠራተኛ የለኝም።»

ልክ ነበሩ። ኢንፎ የጋራ አድራሻ ነው። ማይክሮሶፍት ላይ የጋራ የኢሜይል ሳጥን ያለ ላይሰንስ ይከፈታል፤ ጉግል ላይም ለአንድ ሰው ተጨማሪ አድራሻዎችን ያለ ክፍያ መስጠት ይቻላል። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሾፌርም ወርድ አይጽፍም። ከቀሩት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ኦፊስ የሚያስፈልገው ለጸሐፊዋ ብቻ ነበር፤ ለሌሎቹ በብራውዘር የሚከፈተው ርካሹ ፓኬጅ ይበቃል። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር። ሳይጠይቁኝ ግን አልነገርኳቸውም፤ ብዙ ሰው ያለበት አካውንት ብዙ ጊዜ ያስደውላል።

ወዲያው መቀነስም አልተቻለም። የዓመት ውል ሲሆን ማይክሮሶፍት የሰው ቁጥር እንዲቀነስ የሚፈቅደው ውሉ በተጀመረ ወይም በታደሰ በ7 ቀን ውስጥ ነው፤ ያ ካለፈ ዓመቱ እስኪሞላ መጠበቅ ነው። «ዓመቱ መቼ ይሞላል?» አሉኝ። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ማስታወሻው የሚመጣው በእኔ ጂሜይል ነው፤ በቃሌ አላውቀውም። ሴትዮዋ ንግድ ፈቃድ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 መታደሱን የሚከታተሉበት አንድ ትልቅ መዝገብ አላቸው። እሱ ላይ አዲስ ገጽ ገልጠው በማስመሪያ አሰመሩ፦ የአገልግሎቱ ስም፣ በማን ስም እንደተከፈተ፣ አድሚኖቹ፣ የሚከፈልበት ካርድና ካርዱ የሚያበቃበት ወር፣ ዋጋው በዶላር፣ የሚታደስበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር። «በማን ስም» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ያንተ ነው እንዴ?»

«አዎ።»

ምንም አልተናገሩኝም፤ ስሜን እስከነአባቴ ጻፉት። ከኮምፒውተሮቹ፣ ከካዝናውና ከመኪናው ዝርዝር ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ የእኔን ስም በባለቤትነት ተጽፎ ሳየው ከሐጂ ጥያቄ ይልቅ ያ አሳፈረኝ።

ዛሬ የትኛውም ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማዘጋጀው ያን ገጽ ነው። አድሚኖቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ባለቤቱ፣ ሌላው እሱ የሚያምነው ሰው። እኔም የምገባው በራሴ ስም ነው፤ ሲፈልጉ ሊያወጡኝ ይችላሉ፣ እንዴት እንደሚያወጡኝም አሳያቸዋለሁ። ዶሜይኑ፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻው ከ@ በኋላ ያለው ስም፣ በድርጅቱ ስም ይመዘገባል። ኮድ የሚቀበለው ስልክ በድርጅቱ ስም የወጣ ሲም ሆኖ ከመሳቢያ አይወጣም፤ ስልኩ ቢጠፋ የሚያገለግሉት መጠባበቂያ ኮዶች ታትመው ከካርታውና ከውሉ ጋር ካዝና ይገባሉ። ሠራተኛ ሲለቅ በዚያው ዕለት ፓስወርዱ ይቀየራል፣ ፋይሉ ለተተኪው ይተላለፋል፣ አካውንቱ የሚሰረዘው በመጨረሻ ነው። በስህተት የተሰረዘውን ጉግል እስከ 20 ቀን፣ ማይክሮሶፍት እስከ 30 ቀን ይመልሱታል፤ ከዚያ ካለፈ አልቅሶ መቅረት ነው። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ያለው ድርጅት በባንኩ ካርድ እንዲከፍል እገፋፋለሁ፤ በዘመድ ካርድ መክፈል የግድ ከሆነም ደረሰኙ በድርጅቱ ስም ወደ ድርጅቱ ኢሜይል ይምጣ እላለሁ።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ስለዚህ ክላውድ ላይ ያለው ሁሉ ቢያንስ በአንድ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ እንዲወርድ አደርጋለሁ፤ በየወሩ መጨረሻም በውጭ ሃርድ ዲስክ ይቀዳል። ሁለት ሦስት ሰው ላለው ሱቅ ደግሞ ምንም አትግዛ እለዋለሁ፤ የጉግል 15 ጊጋባይት ነጻ ቦታና በነጻ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ ይበቁታል። ያም ቢሆን በሱቁ ስም ይከፈት እንጂ በወንድሙ ልጅ ስም አይሁን፤ ሁለት ዓመት ሳይነካ የቆየ የግል አካውንትንም ጉግል ሊያጠፋው እንደሚችል እነግረዋለሁ።

ስልክ ቁጥሬን ከየቢሮው ማንሳቴ አስከፍሎኛል። ጸሐፊዎቹ ፓስወርድ መቀየር ስለለመዱ አይደውሉም። አንድ ደንበኛዬ ከእኔ ባነሰ ዋጋ የሚሠራ ወጣት አገኘና ሥራውን እንዳስረክበው ጠየቀኝ። ገጹን ዘርግተን በየመስመሩ እያየን አስረከብኩት። ልጁ በመጨረሻ ከአድሚኖቹ ዝርዝር ሲያወጣኝ ደቂቃ አልፈጀበትም። ተሰማኝ፤ አልዋሽም። ድሮ ግን ከደንበኞቼ መካከል ማን ወዶኝ፣ ማን መሄጃ አጥቶ እንደሚቆይ ማወቅ የምችልበት መንገድ አልነበረኝም። አሁን ሁሉም በአንድ ጠዋት ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ፤ ከወር እስከ ወር የሚጠሩኝ ይህን እያወቁ ነው።