ሳሎኑ ወዴት ይዙር?

ዘንድሮ ሳሎን የሚያሳድስ ሰው ገና ቀለም ሳይመርጥ የሚቀርብለት ጥያቄ “ቲቪው የት ነው የሚሰቀለው?” የሚል ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ መደበኛ የቀለም ሥርጭት ጀመረ። በዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ወደ ቤት የሚገባው እንደ እንግዳ ነበር። ቡፌው ላይ ይቀመጣል፣ ዳንቴል ይለብሳል፣ ዜና ሲደርስ ዳንቴሉ ይገለጥለታል። ወንበሮቹ ግን እንደተለመደው እርስ በርስ ይተያያሉ። ዛሬ ግድግዳው በሙሉ የእሱ ሆኗል። ጂፕሰም ይሠራለታል፣ መብራት ይደረደርለታል፣ ሶፋውም ፊቱን ወደ እሱ እንዲያዞር ይደረጋል።

ይህን ያነሣሁት ባቲ ያለችው እህቴ ቤቷን እያሳደሰች ስለሆነ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ የምታሳድሰው ልጇ ናት። ልጅቱ ሳዑዲ በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ነው ቤቱ የሚጠገነው። ብር ብቻ አይደለም የላከችው፣ ፎቶም ልካለች፦ ከዳር እስከ ዳር ጂፕሰም የለበሰ ግድግዳ፣ መሀሉ ላይ አልጋ የሚያክል ስክሪን፣ ግራና ቀኝ የቆሙ ድምፅ ማጉያዎች፣ የሚታይ ገመድ የሚባል ነገር የለም። “የእኛም እንዲህ ይሁን” ብላለች። ፎቶው የምትሠራበት ቤት ይሁን አይሁን አልጠየቅኳትም። ከሆነ፣ የዚያን ስክሪን አቧራ ስትጠርግ የኖረችው እሷ ናት።

እናላችሁ፣ እናትየው ፎቶውን አየች፣ አየችና “ሰኞ የሚመጣውን ሰው የት ላስቀምጠው?” አለች። የባቲን ሰኞ የሚያውቅ ጥያቄው ይገባዋል። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ይመጣል፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል፤ ገበያው ሲያበቃ ደግሞ ዘመድ የሆነ ሁሉ ጎራ ይላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ድረስ የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ከብት እንደጠፋ የሚወራው ያ ሳሎን ውስጥ ነው። “እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ አንዱ የሌላውን ማጅራት እያየ ቡና ይጠጣ?” ትላለች።

ሁለተኛው ጥያቄዋ የባሰ ነው። መካ ከባቲ ቀጥ ብላ ወደ ሰሜን ናት፤ ካርታ ብታወጡ ሁለቱ ከሞላ ጎደል በአንድ ኬንትሮስ ላይ ናቸው። ጂፕሰም ሠራተኛው ደግሞ መስኮትም በርም የሌለበትን የሰሜን ግድግዳ መርጦ በእርሳስ ምልክት አድርጎበታል። “ስሰግድ ፊት ለፊቴ ምስል ልታቆሙብኝ ነው?” ስትል ሠራተኛው እርሳሱን ኪሱ ከተተ።

እኔ የተጠራሁት ለሽምግልና ነው። ይሁንና ሜትር የያዘ ሽማግሌ ይበልጥ ይደመጣል። ክፍሉ አራት ሜትር በአምስት ነው። በሩ በምሥራቅ፣ መስኮቱ በምዕራብ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ወደ ደቡብ ግድግዳ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ የምትገባው ፀሐይም ከጎን እንጂ ፊቱ ላይ አታርፍም። በቀሩት ሦስት ግድግዳዎች ሥር መጅሊስ ይነጠፋል፣ መሀሉ ለረከቦትና ለመስገጃ ክፍት ይሆናል። ሰው ሲመጣ እርስ በርስ ይተያያል፤ ፊልም ማየት የፈለገ በሰሜን በኩል ይቀመጣል። ለ55 ኢንች ስክሪን ከሁለት ሜትር ትንሽ ማለፍ ይበቃልና ርቀቱ ችግር የለበትም። ከፍታው ላይ ግን ከሠራተኛው ጋር ተከራከርን። እሱ የለመደው ሶፋ ላይ ለሚቀመጥ፣ ያውም አንገት እስኪታመም ድረስ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። መጅሊስ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ ሰማንያ ሳንቲሜትር አካባቢ ነው፤ ስክሪኑም ዝቅ ማለት አለበት።

ደግሞ ግድግዳው ከላይ ሲሚንቶ ይለሰን እንጂ ውስጡ ጭቃ ነው። ጭቃ ውስጥ የገባ ፊሸር ምንም አይሸከምም፤ ጂፕሰሙም ብቻውን አያምንም። ስለዚህ እያንኳኳን ቋሚዎቹን ፈልገን ሁለቱ ላይ ወፍራም ጣውላ አጋድመን መታን። ብራኬቱ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። ሪሲቨሩን ጂፕሰም ውስጥ መቅበር የሚባለውን ፋሽን ግን እምቢ አልኩ፤ በባቲ ሙቀት አየር የማያገኝ ዕቃ ዕድሜ የለውም። ለትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች ከታሰበው ብር የተወሰነው ወደ ኮርኒሱ ዞረ። ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን ተዋናይ፣ አጠገባችሁ ያለውም ሰው አይሰማም።

ዕቅዱን በስልክ ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና “እሺ አጎቴ፣ ገመድ ግን አይታይ” አለች።

አይታይም። ከመለሰኑ በፊት ሁለት ቱቦ ቀብረናል፤ አንዱ ለኤሌክትሪክ፣ ሌላው ለምስልና ለድምፅ ገመድ። ሁለተኛው ሰፊ ነው፤ የኤችዲኤምአይ ገመድ ጭንቅላቱ ትልቅ ስለሆነ በቀጭን ቱቦ አያልፍም። ስክሪኑ ገና አልተገዛም፤ ስትመጣ ራሷ ትመርጣለች። እስከዚያው ቱቦዎቹ ውስጥ ገመዱን የሚስብ ሲባጎ አስገብተን አፋቸውን በፌስታል አስረናል።